ዜና መዋዕል ዘአውበሬ

ይህች አውበሬ ከጅጅጋ በስተሰሜን ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከወሰን ማዶ ወዳለችው ቦረማ በሚወስደው መንገድ ላይ ተቀምጣ ወሰን የምትጠብቅ ከተማ ናት። ተፈሪ በርም ትባላለች። የአገሩ ሰው ግን በዚያ በተቀበሩት በሼህ አው በሬ ስም ይጠራታል፤ ወደ መቃብራቸውም ለዝያራ ይመጣል።

በቀድሞ ዘመን ከዘይላ ወደ ሐረር ሲራራ ነጋዴ ሲወጣ ሲወርድ፣ በዚህ አገር በድንጋይ የታነጹ፣ መስጊድ ያላቸው ከተሞች ነበሩ። በ1847 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የዓረብ ነጋዴ መስሎ ወደ ሐረር ሲጓዝ ፍርስራሻቸውን አየ። የአገሩ ሰዎችም ደርቢያ ኮላና አውቡባ የተባሉት ሁለት ጎረቤት ከተሞች እርስ በርሳቸው ተዋግተው አብረው ጠፉ ብለው ነገሩት። ማን እንዳሸነፈ የሚናገር አልተረፈም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሐረር በ1879 ዓ.ም. ከተያዘ በኋላ፣ የንጉሡ ጦር ወደ ቆላው ወረደ። በ1885 ዓ.ም. ስዌይን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በጅጅጋ ሲያልፍ፣ ከውኃ ጉድጓዶቹ አጠገብ 25 ወታደር የሚጠብቀው በእንጨት የታጠረ ምሽግ አገኘ። ግንቦት 7 ቀን 1889 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሮድ ጋር ተዋዋሉ፤ ከእንግሊዝ ሶማሌላንድ የሚለየውን ወሰን ግን ራስ መኮንንና ሮድ በሐረር ሆነው በዚያው ወር በ28 በደብዳቤ ቆረጡት። መስመሩም በዚህ አገር አለፈ። ሁለቱ መኳንንት ግን ብልሆች ነበሩ፤ በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ጎሣ በሌላው ወገን ግጦሽ እንዲያሰማራ፣ ወደ ቅርቡ ጉድጓድም እንዲወርድ ፈቀዱ። ባይፈቅዱስ ማን ይከለክለው ነበር? ጅላል የሚሉት በጋ በገባ ጊዜ አርብቶ አደሩ የጎጆውን ቅስት እንጨትና ሰሌን በግመል ጀርባ ጭኖ፣ የወተቱን ዕቃ በጎን አንጠልጥሎ፣ ሣር ወዳለበት ይነሣል፤ ለደመናም ወሰን አልተቆረጠለትም።

ጣልያን መጥቶ ሄደ። ከእርሱ በኋላ እንግሊዝ ሐውድ የተባለውን አገርና የተከለለ ግዛት ያለውን ምድር ይዞ ቆየ፤ ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. በሎንዶን በተደረገው ውልም የካቲት 21 ለኢትዮጵያ አስረከበ። በዚያ ውል ውስጥ የ1889ኙ የግጦሽ መብት ዳግመኛ ተጻፈ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን በመስከረም ያዘ፣ በየካቲት 26 ለቀቀ።

ከዚህ በኋላ ስደት ሆነ። በ1980 ዓ.ም. የሰሜን ሶማሊያዋ ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላን ስትደበደብ ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ከቦረማ ወገን የሸሸው በተፈሪ በርና በዳርወናጂ ሰፈረ። የመጡት አብዛኞቹ ከገዳቡርሲ ጎሣ ነበሩ፤ የተቀበሏቸውም ገዳቡርሲ። እንግዲህ ስደተኛ የሚለው ስም የመዝገቡ እንጂ የቤቱ አልነበረም፤ ሰው ወደ አጎቱ ልጅ ቢሄድ ስደት ይባላልን? ሰላምም በሆነ ጊዜ ወደ ቀያቸው ተመለሱ፤ የሰፈሩባቸው ካምፖችም ተዘጉ።

በ1999 ዓ.ም. አዲስ ካምፕ በአውበሬ ተከፈተ፤ በ2000 ዓ.ም. በዚያው ወረዳ የሸደር ካምፕ ተከተለ። የአሁኖቹ ስደተኞች ከሞቃዲሾና ከደቡብ የመጡ፣ ለአገሩ ዘመድ ያልሆኑ ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ተመርጠው በሠፈራ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ የቀሩት በዚያው ልጅ ወልደው ያሳድጋሉ።