የርስት ቈጠራና የገመድ ልኬት በዳሞት

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በደጋ ዳሞት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ይሠራበት የነበረው የርስት ሥርዓት ዘወትር የሚጠናው በሕግና በታሪክ ረገድ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የሒሳብም ጉዳይ ነበር። ይህ ወገኑ ተለይቶ ካልታየ፣ ጎጃም የመሬት ልኬትን ለምን አጥብቆ እንደተቃወመ በሚገባ መረዳት አይቻልም።

ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል፤ ወንድና ሴት ልጅም በመርሕ ደረጃ እኩል ናቸው። አንድ ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች ስላሉት፣ ወደ ኋላ ሲቈጠር በ7ኛው ትውልድ 128፣ በ10ኛው 1,024 ይሆናሉ። (ለመምህራን የእጥፍ ስሌትን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለንም።) እርግጥ፣ ዘመዳሞች ስለሚጋቡ አንዱ ቅድመ አያት በልዩ ልዩ መስመር ተደጋግሞ ይመጣል፤ እውነተኛው ቍጥር ያንሳል። ቢሆንም ገበሬው ሊጠይቀው የሚችለው መሬት ሊያርሰው ከሚችለው እጅግ የበዛ፣ አንዱ ማሳም ባለ ብዙ ጠያቂ ነበር።

አከፋፈሉም የራሱ ቀመር ነበረው። መሬቱ የሚጠራበት የመጀመሪያው ባለ ርስት ዋና አባት፣ ድርሻው የተመደበላቸው ልጆቹ ምንዝር አባት ይባላሉ። መሬቱ በምንዝር አባቶች ልክ እኩል ስለሚከፈል፣ ከአንደኛው 5 ከሌላው 50 ተወላጆች ቢቈጠሩም የሁለቱ መስመር ድርሻ አንድ ነው። ስለዚህ የትውልድ ቈጠራ በችሎት ፊት ብርቱ መሣሪያ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያወጣው አሜሪካዊው ሊቅ አለን ሆበን እንዳሳየው፣ የዘር ሐረግ የመጠየቅ መብት ይሰጥ እንጂ፣ ማን ምን ያህል እንደሚይዝ የሚወስኑት ሹመት፣ የሙግት ችሎታና ደጋፊ ጭምር ነበሩ። የዘመኑ እቅድ አውጪዎች «የጋራ ይዞታ» ያሉት ነገር፣ በዛሬው አነጋገር፣ ዘወትር የሚለዋወጥ የመረብ ሥርዓት ነበር።

የመንግሥት ስሌት ግን ሠንጠረዥ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ መደበና በጋሻ (40 ሄክታር ገደማ) 15፣ 10 እና 5 ብር ጣለ። በጎጃም መሬት በጋሻ አልተለካም ነበርና ሕዝቡ ተቃወመ፤ መንግሥትም አፈገፈገ። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በምርቱ ላይ ያረፈ ነበር። ያም ሆኖ ገማቾች ሲመጡ ሕዝቡ ተነሣ፤ ጦር ሠራዊትና የጦር አውሮፕላን ዘመተበት። በመጨረሻም አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቈ ሥላሴ ተነሡ፣ ግምቱ ቆመ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ይህን ተቃውሞ ከአላዋቂነት የሚቈጥሩ አሉ፤ እኛ አንስማማም። የሹማምንት በደልና የግብሩ ክብደት መንስኤዎች እንደነበሩ አይካድም። ነገር ግን በአንድ ማሳ አንጻር አንድ ስም ሲጻፍ የቀሩት ጠያቂዎች መስመር ይቈረጣል፤ ርስቱን የተነጠቀም ጭሰኛ ይሆናል። ገበሬው የፈራው ይህንኑ ነው፤ ስሌቱንም ከገማቹ የተሻለ ያውቀው ነበር።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የርስትን ሐረግ ከሕግ አስወጣ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው ድልድል በቀድሞው ሥርዓት የቀበሌ ሹማምንት የነበሩት «ቢሮክራሲ» ተብለው ተመድበው ያነሰ መሬት ደረሳቸው። ምድቡ ዛሬም ቅሬታ አለው።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ግን ልኬት ያለ ጦርነት ገባ። ገበሬዎች የመረጡት ኮሚቴ ከአዋሳኞች ጋር ድንበሩን እየዞረ መዘገበ፤ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር ተሰጠ፤ በኋላም ከአየርና ከሳተላይት በተነሣ ምስል የተደገፈ ካርታና የኮምፒዩተር መዝገብ ተከተለ። ያው ገመድ በ1960 ዓ.ም. ያስፈራ የነበረው፣ አሁን ጎረቤት ቆሞ ስለሚያየው ተቀባይነት አገኘ።

ሆኖም መዝገቡ የሚያሳየው የተመዘገበበትን ቀን ነው። ባለ ይዞታው ሲሞት ወራሾች ቀርበው ካላስለወጡ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው የሟቹ ስም ነው። 1 ሄክታር ለ4 ልጆች ሲከፈል 0.25 ሄክታር ይደርሳል፤ በልጅ ልጆቹም ዘመን በተመሳሳይ ቢከፈል ከ0.07 ያንሳል።