ከዝዋይ እስከ ናይቫሻ፦ በአንድ ስምጥ ሸለቆ ሁለት ኑሮ

ከአዳማ በመቂ በኩል ዝዋይ የሚያደርሰን ስምጥ ሸለቆ ድንበር ተሻግሮ እስከ ኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ይዘልቃል። በሁለቱም ሐይቆች ዳር ለአውሮፓ ገበያ አበባ ይለማል። የገበሬው ታሪክ ግን ለየቅል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ በአካባቢያችን ብዙው አራሽ ጭሰኛ ነበር። በዚያው ዘመን በኬንያ የወጣው የስዊነርተን ዕቅድ ለአፍሪካውያን ገበሬዎች የግል ይዞታ ማረጋገጫና ቡና የማልማት ፈቃድ ከፈተ፤ ቅኝ ገዢው ይህን ያደረገው የማውማውን አመፅ ለማብረድ እንጂ ለገበሬው አዝኖ አልነበረም። እኛ ከጭሰኝነት የወጣነው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

ታዲያ ማን የተሻለ ይኖራል? የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የእ.ኤ.አ. 2022 አኃዝ እንደሚያሳየው የኬንያዊው አማካይ ገቢ የእኛን እጥፍ ነው። አዋቂው በአማካይ 7.7 ዓመት ተምሯል፤ የእኛ 2.4 ብቻ ነው። በዕድሜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ኬንያ 62.1፣ ኢትዮጵያ 65.6 ዓመት። ኤች አይ ቪ ኬንያን ክፉኛ መጉዳቱ አንዱ ምክንያት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ድርሻ አላቸው። ደጃችን መጥተው መጸዳጃ ያስቆፈሩን፣ ሕፃናት ያስከተቡልን እነዚህ ልጆች በገቢ ስሌት ውስጥ አይታዩም።

የትምህርቱ ቁጥር ግን ያንገበግባል፤ አጨዳ ሲደርስ ልጅ ከትምህርት ቤት የምናስቀረው እኛው ነን።