ከግቢው አጥር ባሻገር፦ የእኩዮች ጉልበተኝነትና የታዳጊዎች ደኅንነት በደብረ ማርቆስ ዙሪያ

በምሥራቅ ጎጃም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚገኙት በከተሞች ነው። ስለዚህ ከሩቅ ቀበሌ ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ ልጅ ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ገብቶ ቤት ይከራያል። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይጋራሉ፤ ቅዳሜ ወደ ወላጆቻቸው ወጥተው እሑድ ድርቆሽና በሶ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስለ እኩዮች ጉልበተኝነት ስንነጋገር የትምህርት ቤት አካባቢ ሲባል ይህች ክፍልና መንገዱም መቆጠር አለባቸው የሚለው የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ነው።

በኖርዌይ የሠራው የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ዳን ኦልቬውስ ጉልበተኝነትን በሦስት ነገር ይለየዋል፦ ሆን ተብሎ ይፈጸማል፣ ይደጋገማል፣ በአጥቂና በተጠቂ መካከልም የኃይል ልዩነት አለ። እዚህ የሚያከራክረው ሦስተኛው ነው። ነገሩ የጡንቻ ቢሆን ኖሮ ሞፈር ጨብጦ ያደገው ልጅ የሚደፈር አልነበረም፤ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ከሆነ በዕድሜም ከክፍል ጓደኞቹ ይበልጣል። ሆኖም በጫማው፣ በአነጋገሩ፣ «ገጠሬ» እየተባለ ይሾፍበታል። የከተማው ልጅ ከኋላው ሰፈር አለው፤ ታላቅ ወንድም፣ መምህሩን የሚያውቅ አባት። የተከራዩ አባት ግን የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። ለተከራይ ሴት ልጅ ደግሞ ከሰዓት ፈረቃ ተለቅቃ በድንግዝግዝ የምትሄድበት መንገድ ይጨመራል።

አማራ ክልልን ጨምሮ በአምስት የኢትዮጵያ ክልሎችና ከተሞች፣ እንዲሁም በሌሎች አገሮች ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተሰኘው ጥናት፣ በ15 ዓመታቸው የተጠቁት በ19 ዓመታቸው ምን እንደሆኑ መርምሯል። ውጤቱ እንደ አገሩና እንደ ጥቃቱ ዓይነት ቢለያይም፣ ጉዳቱ በራስ መተማመንና ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ላይ ዓመታት ቆይቶም ይታያል።

ግቢው ውስጥስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጓል፤ አርጩሜው ግን ከክፍል ጨርሶ አልወጣም። ከአርጩሜው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የክፍል አለቃው ወረቀት ነው። መምህር በሌለበት የረባሾችን ስም የሚጽፈው ተማሪ ማንን እንደሚጽፍና ማንን እንደሚምር ራሱ ይወስናል፤ መምህሩም ዝርዝሩን ሳይጠይቅ ይቀጣል። እንዲህ ያለ ሥልጣን የተሰጠው የ15 ዓመት ልጅ ወዳጆቹን ባይጽፍ ሊያስገርመን አይገባም።

ጎጃም ከቤቱ ርቆ ለሚማር ልጅ አዲስ አይደለም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩባቸው ደብረ ኤልያስና ዲማ የቆሎ ተማሪ አገር ናቸው። ያንን ሥርዓት ማሞገስ አልሻም፤ ረኃቡም ዱላውም ነበረበት። ነገር ግን የተማሪው ጎጆ ከየኔታ ደጅ አይርቅም ነበር፤ ማታ የሆነውን መምህሩ ይሰማል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ማስተማሩን ወስዶ ማደሪያውን ለአከራይ ተወው።

ስለዚህ የክፍል ኃላፊ መምህሩ መስከረም ላይ ስም ሲመዘግብ ተማሪው ከማን ጋር እንደሚኖር፣ በየት በኩል እንደሚመላለስ፣ ቢቸገር ከተማው ውስጥ ማንን እንደሚጠራ አብሮ ይመዝግብ። ለዚህ የሚያስፈልገው በመዝገቡ ላይ ሦስት ዓምድ መጨመር ብቻ ነው።