«ላንግ» የተባለችው ተለዋዋጭና የባሌ ሁለት ፊደላት
በሮቤና በጎባ፥ በቀረውም የባሌ ደጋ፥ ዛሬ ኦሮምኛ በላቲን፥ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። በሊኑክስ ኮምፒዩተር ሁለቱም መነበባቸውን ከሚወስኑት አንዷ «ላንግ» የምትባለው ተለዋዋጭ ናት።

ትእዛዝ ተቀባዩ የዩኒክስ ሼል እ.ኤ.አ. በ1971 ሲወጣ ተለዋዋጭ ማውረስን አያውቅም ነበር፤ በ1979 ከሰባተኛው ዕትም ጋር የመጣው የስቲቭ ቦርን ሼል ግን ለሚያስነሣቸው ፕሮግራሞች ያወርሳል። ውርሱ ቅጂ ነው፤ ልጁ ቢለውጠው ለአባቱ አይደርስም። «ኤክስፖርት» ያልተባለውም አይወረስም፤ እኛ ተማሪዎች ዘወትር የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሆኖም «ላንግ» «ሲ» ተብላ ከቀረች በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በሼሉ ዝርዝር ላይ የጥያቄ ምልክት ወይም ቁጥር ሆኖ ይታያል። የአማርኛውን ወይስ የኦሮምኛውን ዋጋ እንስጣት የሚለው ክርክር እንግዲህ ያለ ቦታው ነው፤ «ዩቲኤፍ-8» ከታከለ በየትኛውም ሁለቱ ፊደላት ይነበባሉ፤ የሚለየው እንደ ቀንና ወር ስም ያለው ነው።