የአንባቢ ግምት በጀግኖች ዓለም

በአሜሪካ የኮሚክ መጽሔቶች ጀግኖች መጀመሪያ የሚኖሩት በየራሳቸው ዓለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 መገባደጃ «ኦል ስታር ኮሚክስ» ቁጥር 3 ፍላሽን፣ ግሪን ላንተርንንና ሌሎችን በአንድ ማኅበር ሰበሰበ። ጀግኖች ዓለም ከተጋሩ ወዲህ አዲስ በመጣ ቁጥር አንባቢ አንድ ነገር መጠየቁ አልቀረም፤ ይህ ሰው እስከ ዛሬ የት ነበር?

ዛሬ ዲሲ የሚባለው አሳታሚ በ1956 የቀድሞውን ፍላሽ፣ ጄይ ጋሪክን፣ እንዳልነበረ አድርጎ በዚያው ስም ባሪ አለንን አመጣ። የልጅነት ጀግኖቻቸውን ያልረሱ አንባቢዎች ግን ነበሩ። ከእነሱም አንዱ፣ ጄሪ ቤይልስ፣ ለአዘጋጁ ጁሊየስ ሽዋርትዝና ለደራሲው ጋርድነር ፎክስ ደብዳቤ ከመጻፍ አልቦዘነም። በ1961 ፎክስ በጻፈው ታሪክ ባሪ ወደ ሌላ ምድር ተሻግሮ ጄይን በአካል አገኘው። ባሪ ጄይን የሚያውቀው ከኮሚክ ነው፤ የኮሚኩ ደራሲም ራሱ ፎክስ ሲሆን፣ የዚያችን ምድር ወሬ በሕልሙ ያይ ነበር ተባለ። ቀልድ የሚመስለው ይህ የሌላ ምድር መላ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል።

ሌላው አሳታሚ ማርቭል በበኩሉ በ1960ዎቹ የአንባቢን ግምት ጨዋታ አደረገው። በታሪክ ውስጥ ስህተት አግኝቶ ስህተት አለመሆኑን በብልሃት ላስረዳ አንባቢ የሽልማት ፖስታ ይላክለት ነበር፤ ሲከፈት ግን ባዶ ነበር። ገማቾቹ ግን ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። የቤይልስ ባልደረባ ሮይ ቶማስ በ1965 ማርቭል ገብቶ ኋላ ዋና አዘጋጅ ሆነ። ከርት ቢዩሲክም ገና ተራ አንባቢ ሳለ፣ በ1980 የሞተችው የኤክስ-ሜን ቡድን ጀግና ጂን ግሬይ እውነተኛዋ እንዳልሆነች፣ ሌላ ኃይል መልኳን ወስዶ እሷ ውኃ ግርጌ ተኝታ እንደቀረች ገመተ። ሐሳቡ ከሰው ወደ ሰው አልፎ ደራሲዎች ዘንድ ደረሰና በ1986 ጂንን ከሞት የመለሳት ይኸው ግምት ሆነ።

በፊልም ዘመን ግምት ውልንም ማንበብ ጠየቀ። ማርቭል የስፓይደርማንን የፊልም መብት ለሶኒ፣ የኤክስ-ሜንን ለፎክስ የፊልም ኩባንያ አሳልፎ ሰጥቶ ስለነበር የማን ጀግና መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው ድርድር ነበር። ስፓይደርማን በ2016 ከሌሎቹ ጋር የታየው ኩባንያዎቹ በ2015 ስለተስማሙ ነው። የማርቭል ባለቤት ዲስኒ ፎክስን በ2019 ሲገዛ ተመልካቹ ኤክስ-ሜንን በየጥጉ ይፈልግ ገባ። በ2021 በማርቭል ተከታታይ «ዋንዳቪዥን» ውስጥ በፎክስ የኤክስ-ሜን ፊልሞች የተጫወተው ኢቫን ፒተርስ ብቅ ሲል ብዙዎች በሩ ተከፈተ አሉ፤ ሰውየው ግን ተራ የመንደር ነዋሪ ራልፍ ሆኖ ተገኘ። ተመልካቹን ማታለሉ ትንሽ ጭካኔ አላጣውም።

ከዚህ የባሰው በ2022 መጣ። አድናቂዎች ለፋንታስቲክ ፎር መሪ ለሪድ ሪቻርድስ ሚና ለዓመታት ሲያጩት የኖሩት ጆን ክራሲንስኪ በዶክተር ስትሬንጅ ፊልም ከሌላ ምድር የመጣ ሪድ ሆኖ ተገለጠና በደቂቃዎች ውስጥ ተገደለ። በ2025 ሚናው የፔድሮ ፓስካል ሆነ።