የሌሎችን ዘመን የቆጠረው ሰው

እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. 450 ዓመት የሞላው የኔዘርላንዱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ሲነሣ፣ በ1610 የታተመ አንድ ሥዕልም አብሮ ይነሣል። የጥንቱን ቤተ መጻሕፍት የሚያሳይ ነው። መጻሕፍቱ በሰንሰለት ታስረዋል፣ አንባቢው ቆሞ ያነባል፤ ለብቻው ደግሞ የተዘጋ ቁም ሣጥን ይታያል። ከዓመት በፊት የሞተው የዮሴፍ ስካሊገር ውርስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ስካሊገር ፈረንሳዊ ፕሮቴስታንት ነበር። በ1593 ላይደን ሲገባ የማስተማር ግዴታ አልተጣለበትም፤ ዩኒቨርሲቲው በስሙ ብቻ ይኮራ ነበር። ስሙን ያገነነው በ1583 ስለ ዘመን አቆጣጠር ያሳተመው መጽሐፍ ነው፤ የግሪኩን፣ የአይሁዱን፣ የዐረቡን ሲመረምር የእኛንም ባሕረ ሐሳብ አልዘለለም።

ጠብ የመጣበት ግን ከዘር ቆጠራ ነው።

አባቱ የቬሮና ገዥዎች የነበሩት የዴላ ስካላ መሳፍንት ዘር ነኝ ይል ነበር፤ ልጁም ይህንኑ በ1594 በመጽሐፍ አወጣ። ወደ ካቶሊክነት የተሻገረው ጀርመናዊ ካስፓር ሾፔ በ1607 ተነሣበት። ስካሊገር የመስፍን ዘር ሳይሆን ቦርዶን የተባለ ተራ ሰው ዘር ነው ብሎ፣ 499 ውሸት ቆጠርሁበት አለ። ሾፔ አፉ መራራ፣ ዓላማውም የሃይማኖት ጠብ ነበር። ይሁን እንጂ አባትየው በፓዶቫ በቦርዶን ስም መታወቁን የሚያሳየው ሰነድ የሚያደላው ለሾፔ ነው።

የሚገርመው ይኸው ስካሊገር በ1606 የግብፅ ነገሥታትን ዝርዝር ሲያሳትም፣ ዘመናቸው እሱ ራሱ ካሰላው የዓለም መፈጠሪያ ቀድሞ ሲገኝ አልደበቀውም። የፈርዖኖችን ዘር ያለ ርኅራኄ የመዘነ ሰው የአባቱን ቃል ሚዛን ላይ ማውጣት አቃተው። በ1608 መልስ ጽፎ፣ በጥር 1609 ሞተ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ከፊሉ በዚያው ዓመት በጨረታ ተሸጠ። የዕብራይስጥ፣ የሶርያ፣ የዐረብኛና የኢትዮጵያ መጻሕፍቱን ግን ለዩኒቨርሲቲው ተናዞ ነበር። ከነሱ አንዱ በ1289 የተገለበጠው የኢየሩሳሌም ታልሙድ ነው፤ ሙሉውን የያዘ ሌላ የእጅ ጽሑፍ አልተረፈም። በ1523 ቬኒስ ላይ ለታተመው የመጀመሪያ እትም መሠረት የሆነውም እሱ ነው።

ዛሬ ላይደን ከ2000 ጀምሮ በስካሊገር ስም የሚጠራ የጥናት ተቋም አለው። የእስራኤል የዕብራይስጥ ቋንቋ አካዳሚም በ2001 ታልሙዱን እንደ አዲስ ሲያሳትም መነሻ ያደረገው ያንኑ የላይደን ቅጂ ነው።