ሳሎኑን እኮ አላያችሁም

የመጀመሪያው ገዢ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አያቴ ከሐሙስ ጀምራ ቤት ስታሰናዳ ከርማለች። መጋረጃ ተቀይሯል፣ የሠርጋቸው ፎቶ ተወልውሎ ተሰቅሏል፣ የሳሎኑን ጣውላ ደግሞ እኔን ሰም አስቀብታ በጨርቅ አስወልውላኛለች። (ቀን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ሰው ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም።) ሰውዬው ከደላላው ጋር መጣ፣ "እማማ፣ እንዴት አደሩ?" ብሎ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ወደ ሳሎን መግባቱን ትቶ በአጥሩ ሥር እርምጃውን እየቆጠረ ሄደ። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ። ተመልሶ ደግሞ በወርዱ። ስልኩን አውጥቶ አባዛ።

"ሦስት መቶ ካሬ ይሞላል አይደል?" አለኝ።

ካርታው ላይ 318 እንደሆነ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና "በሉ እንደዋወላለን" ብሎ ወጣ። አሥር ደቂቃ አልቆየም።

"ሳሎኑን እኮ አላየም" አለች አያቴ።

ያን ቀን ሰውዬው ላይ ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ነገሩን ሳስበው እሱ ምንም አላጠፋም። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ያረጀ ነው፣ ማንም ቢገዛው ያፈርሰዋል። የመጣው መሬቱን ሊያይ ነው። ችግሩ መሬት አይሸጥም። ውሉ ላይ የሚጻፈው "ቤት" ነው፤ ዋጋው የሚሰላው በካሬ ሜትር መሬት ነው። በእኔ ሙያ ቋንቋ ልናገርና፣ ስሙ "ቤት" የሆነ ቬሪያብል ውስጥ "መሬት" ተቀምጧል፣ ሁሉም ሰው ይህን ያውቃል፣ ሲስተሙም እንደዚያው ይሠራል። እንዲህ ዓይነት ኮድ ሳገኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁሌም አንድ ነው፦ ማን ጻፈው? መቼ?

መልሱ ያለው አያቴ አልጋ ሥር፣ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነበር። አያቴ (ወንዱ፣ ነፍሱን ይማርና) ቦታውን የገዛበት ውል። ቀኑ 1953 ዓ.ም. ነው። በቀለም የተጻፈ፣ የምስክሮች ጣት ያረፈበት። የሚሸጠው ነገር በግልጽ ተጽፏል፦ ቦታ። 640 ካሬ ሜትር። ድንበሩ ደግሞ የሚነገረው በቁጥር ሳይሆን በጎረቤት ነው፤ በምሥራቅ የእገሌ አጥር፣ በሰሜን መንገዱ፣ በደቡብ ወደ ቀበና ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት። ያኔ ገዢ ቤት ሊያይ ቢመጣ የሚያየው ድንበር ነው ማለት ነው፤ የሚያሳዩትም ጎረቤቶች ናቸው። ጎረቤት "አዎ፣ አጥሩ እዚህ ጋ ነው" ካላለ ሽያጭ የለም።

አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቱ በገበያ አልነበረም የተከፋፈለው። ምኒልክ ለመኳንንቱ ሰጡ፣ መኳንንቱ ወታደርና አሽከራቸውን ዙሪያቸውን አሰፈሩ፣ ዛሬ ድረስ ሰፈሮቻችን የሚጠሩት በእነሱ ስም ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር ቢሉ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ቢሉ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ንጉሡ የከተማውን ቦታ መግዛት፣ መሸጥና ማውረስ የሚቻልበትን ሥርዓት አወጡ። ከዚያ በኋላ ቦታ ሸቀጥ ሆነ። ብዙ መሬት ግን በጥቂት ሰዎች እጅ ስለነበር ተራው ነዋሪ ወይ ተከራይ ነው፣ ወይ እንደ አያቴ ዓመታት ቆጥቦ አንድ ቁራጭ የሚገዛ ነው። አያቴ ገዛ። ፊት ለፊት ይህን ቤት ሠራ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከጓሮ ሦስት ክፍሎች ሠርቶ አከራየ። ከጓዳችን ወደዚያ የሚያስወጣ በር ነበረው።

ነበረው ያልኩት አሁን በሩ ስለሌለ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የገጠሩ መሬት አዋጅ የወጣው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የከተማ መሬት ባለቤቱ መንግሥት ብቻ ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ይኖረዋል። የተወረሱት ቤቶች በኪራያቸው መጠን ተከፋፈሉ፤ በወር ከ100 ብር በላይ የሚከራዩት ወደ ኪራይ ቤቶች፣ ከዚያ በታች ያሉት ወደ ቀበሌ። የእኛ ሦስት ክፍሎች ወደ ቀበሌ ሄዱ። የጓዳው በር በብሎኬት ተደፈነ፣ ግቢው መሀል ላይ በቆርቆሮ ተከፈለ። 640 የነበረው 318 የሆነው እንደዚህ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። የ1967ን አዋጅ እኛ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዎች ያስታውሱታል። እናቴ ስታነሳው ድምጿ ይቀየራል። ከጓሮ ያሉት እትዬ ግን የአያቴ ተከራይ የነበሩ ናቸው፤ ኪራዩ ቀነሰ፣ "ልቀቁ" የሚላቸው ጠፋ፣ ልጆቻቸውን እዚያች አንድ ክፍል ውስጥ አሳደጉ። ሁለቱም እውነት ነው። አያቴና እትዬ ደግሞ ሃምሳ ዓመት በቆርቆሮው አጥር ሽንቁር እሳት እየተቀባበሉ፣ ቡና እየተጠራሩ ኖረዋል። ውኃ ቆጣሪያችን እስካሁን አንድ ነው።

አዋጁ ሰው የሚኖርበትን ቤት እንዳይሸጥ አልከለከለም። መንግሥት የመግዛት ቅድሚያ ቢኖረውም መሸጥ ይቻል ነበር። የማይቻለው መሬቱን መሸጥ ነው። እንግዲህ "ቤት" የሚለው ቃል መሬትን ተሸክሞ መዞር የጀመረው ያኔ ነው። ደርግ ሲወድቅ ብዙ ሰው ይለወጣል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ አስቀመጠ፤ ሊዝ ደግሞ ከዚያ በፊት በ1986 በአዋጅ መጥቶ ነበር።

እኛን በቀጥታ የነካን ግን የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት እንደ እኛ ያለ ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። አጎቴ ከአሜሪካ ደውሎ ይህንን ሲሰማ "እንግዲያው እንቆይ" አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። አያቴ እስክትሞት እንጠብቅ ማለቱ ነው። ማንም አልመለሰለትም። አያቴ ግን ስልኩ ላውድ ላይ ስለነበር ሰምታለች፤ "እኔማ ጉልበቴ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው" አለች። ቤቱ የሚሸጠውም ለዚሁ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃው እርጥበት ይስባል፣ መጸዳጃው ከግቢ ውጭ ባይሆንም ከቤት ውጭ ነው፣ እሷ ደግሞ ዘንድሮ ሁለቴ ወድቃለች። እናቴ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ክፍል አዘጋጅታላታለች።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሌሎች ገዢዎችም መጡ። ጥያቄያቸውን ቢሰበስቡት የከተማዋ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ይወጣዋል። "ካርታው ዲጂታል ሆኗል?" "ባንክ አልያዘውም?" "ወራሾች ስንት ናቸው፣ ሁሉም ይፈርማሉ?" ከ2016 ወዲህ ደግሞ፣ ፒያሳ ከፈረሰ በኋላ ማለቴ ነው፣ ሁሉም ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት "ኮሪደር ይነካዋል?" የሚለውን ነው። ግድግዳውን ያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጭቃ መሆኑን ሲያውቅ ደስ አለው፣ ለማፍረስ ይቀላል ብሎ።

ደላላው ልምድ ያለው ሰው ነው። ሁለት ምክር ሰጠኝ። አንደኛ፣ "እማማ ባይኖሩ ጥሩ ነው፣ ገዢ ባለቤት ፊት አይናገርም።" ሁለተኛ፣ የጓሮዎቹን ሲጠይቁህ "ይነሳሉ እየተባለ ነው" በል። ዋጋው በዚህች ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጨምራል አለኝ። እውነት ለመናገር አንድ ጊዜ አፌ ላይ መጥታ ነበር። ገዢው ቆርቆሮውን እያየ "እነዚህስ?" ሲለኝ ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ ሙቀጫ ይሰማ ነበር። "አላውቅም" አልኩ፤ እውነትም አላውቅም። ደላላው ወደ መኪናው ሲሄድ አላናገረኝም።

ባለፈው እሑድ ባልና ሚስት መጡ። አያቴን ደብቃት ቢሉኝም አልደበቅኳትም፣ ሳሎን ቁጭ ብላለች። ባልየው እንደ ሁሉም ወደ አጥሩ ሄደ። ሴትየዋ ግን ደፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ጣውላው ስለሚያበራ ይሆናል። አያቴ እንዲህ ስትነሳ ካየኋት ቆይቷል። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ጓዳውን አሳየቻት፤ የእናቴ ቁመት በእርሳስ የተለካበትን መቃን ሳይቀር። ጓዳ ውስጥ ሴትየዋ የተደፈነውን በር አየችና "ይሄ ወዴት ነበር?" አለች። አያቴ ነገረቻት፤ ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ።

"አሁን ያሉት ይነሱ ይሆን?" አለች ሴትየዋ።

"የት ይሄዳሉ?" አለች አያቴ።

በዋጋው ብዙ አልተራራቅንም። ቀብድ እንቀበል ሲባል እናቴን አስቆምኳት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ሐሳቡን ቢቀይር እጥፉን ይመልሳል፣ ውሉም ሁለት ምስክር ፊት ተፈርሞ ውልና ማስረጃ ካልተመዘገበ በኋላ አንዱ ወገን ሲክድ ፍርድ ቤት ድረስ የሚያንከራትት ነው። አጎቴ ውክልናውን ከላከ በኋላ ይሁን ተባብለናል። በዚያ መሀል ሴትየዋ ደውላ ቅዳሜ እናቷን ይዛ ልትመጣ እንደምትፈልግ ነገረችኝ፣ ቤቱን እንድታይ።

አያቴ ጣውላውን እንደገና ሰም ቀባው ብላኛለች። ምስክር ለመሆን ደግሞ እትዬን ጠይቃቸዋለች፤ እሺ ብለዋል።